ትልቁን ቴሌስኮፕ ለማቅለል የትኛው መንገድ ይሻላል? ወሎ ላይ ሰማይ ለምናይ የንጽጽር መመሪያ

ትልቅ ዶብሶኒያን ቴሌስኮፕ (ብርሃን በመስታወት የሚሰበስብ፣ ቱቦው መሬት ላይ በሚኖር የእንጨት መቀመጫ ላይ የሚዞር) ያለው ሰው ይዋል ይደር እንጂ "ይሄን ነገር እንዴት ላቅለው" ማለቱ አይቀርም። ወሎ ላይ ደሞ ጥያቄው ቶሎ ነው የሚመጣው፣ ምክንያቱም ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሃል የተቀመጠች ከተማ ናት፣ ከግቢ ሆኖ ቀና ላለ ሰው ግማሹን ሰማይ ተራራ ይዞታል፣ የቀረውን የመንገድ መብራት ያጥበዋል። ስለዚህ መውጣት ግድ ነው፣ ወደ ቦሩ ሜዳ፣ ወደ ኩታበር፣ ወደ ሐይቅ፣ ጊዜና መኪና የተገኘ ቀን ደሞ ወደ ደላንታ። ሰማይ ቦታ መርጦ ነው የሚመጣው፣ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም የቀለበት የፀሐይ ግርዶሹ ላሊበላ ላይ ሲያልፍ ለማየት ብለው ወደዛ የሄዱ ነበሩ።

የኛ ሰማይ ደሞ መንገድ የሚያስወጣ ሰማይ ነው። ደሴ 11 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፣ ከፍታዋም 2500 ሜትር አካባቢ። እዚህ ኬክሮስ ላይ ታህሳስና ጥር ማታ የኦሪዮን ኔቡላ (ሰማይ ላይ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) አናታችን አካባቢ ድረስ ይወጣል፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ደሞ ሰሜን አውሮፓ ያለ ሰው በዕድሜው ከሰፈሩ የማያየው ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባል የኮከቦች ክምችት ከደቡብ አድማስ 31 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል፣ የደቡብ መስቀልም ከሱ ዝቅ ብሎ። እነዚህን ለማየት ግን ደቡቡ የተገለጠ ሜዳ ያስፈልጋል፣ ሜዳው ላይ ለመድረስ ደሞ ቴሌስኮፑ ባጃጅ ውስጥ ወይ ሚኒባስ ላይ መግባት አለበት።

ይሄን የምጽፈው መሳሪያውን ከመጋዝ በፊት ለሚያስብ ሰው ነው። መንገዱ አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው፣ እና ሰው የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ላይ ሳይሆን ምርጫው ላይ ነው። ክብደትና ርዝመት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ክብደቱ ያስቸገረው ሰው የርዝመቱን መድኃኒት ይሠራና ወሩን ሙሉ ለፍቶ ሲያበቃ ሚዛን ላይ ሲያወጣው 1 ኪሎ ነው የቀነሰው። እንዴት እንደሆነ በቁጥር አሳያችኋለሁ።

መጀመሪያ ሚዛን ላይ አውጡት

ቴሌስኮፑን ፍቱና ክፍል በክፍል መዝኑት። የሰው ሚዛን ከሌለ ሰፈር ያለ እህል ቤት ወይ ወፍጮ ቤት ይበቃል። መስታወቱን ግን ወፍጮ ቤት አትውሰዱት፣ ዱቄቱ ለሱ አይሆንም፣ እሱን በስሌት እንደርስበታለን።

10 ኢንች ኤፍ 5 የሚባለውን እንውሰድ፣ የመስታወቱ ስፋት 254 ሚሊ፣ የትኩረት ርዝመቱ (ከመስታወቱ ምስሉ እስከሚጠራበት ያለው ርቀት) የስፋቱ 5 እጥፍ፣ 1250 ሚሊ አካባቢ ማለት ነው። የፋብሪካው ዕቃ እንደ ሥሪቱ ይለያያል እንጂ ሙሉ ክብደቱ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ባለው ውስጥ ነው የሚሆነው። 12 ኢንች ከሆነ 35ን አልፎ ወደ 40 ይጠጋል። ይሄ ክብደት የት ነው ያለው? መስታወቱ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው 3.5 ኪሎ ገደማ ነው። ቱቦው ላሜራ ነው፣ 1.2 ሜትር ርዝመት፣ 30 ሳንቲ ስፋት፣ 0.8 ሚሊ ውፍረት ብንል ባዶውን 7 ኪሎ ይመጣል። መቀመጫው ደሞ ቺፕውድ ነው፣ የ18 ሚሊ ቺፕውድ 1 ካሬ ሜትሩ 12 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ የ10 ኢንች መቀመጫ ሁለቱ ክብ ሰሌዳ፣ ሁለቱ ጎንና የፊቱ ተደምሮ 1 ካሬ ሜትር አካባቢ ይወስዳል፣ ብሎኑና እግሩ ሲጨመር 13 ወይም 14 ኪሎ። የተቀረው የመስታወት መያዣው፣ ፎከሰሩ (አይፒሱን፣ ማለትም ዓይናችንን የምናደርግበትን ሌንስ፣ ይዞ ወጣ ገባ እያለ ምስሉን የሚያጠራው)፣ ፋይንደሩ (ማነጣጠሪያው)፣ ጎንና ጎን ያሉት ክብ መሸከሚያዎች ናቸው።

አያችሁት አይደል፣ ሰው ሁሉ ሲያየው የሚያስፈራው ቱቦው ነው ግን ከጠቅላላው ግማሹን የያዘው ማንም የማያስተውለው መቀመጫ ነው። ቺፕውድ የተመረጠው ለፋብሪካ ርካሽና ቀጥ ያለ ስለሆነ ነው፣ ለሚሸከም ሰው ታስቦ አይደለም።

ምንም ሳይቆረጥ

ችግራችሁ ከቤት እስከ ግቢ፣ ወይ ከመኪና እስከ ሜዳ 20 ሜትር ብቻ ከሆነ ምንም አትቁረጡ። ቱቦው ላይ ሁለት ጠንካራ እጀታ በብሎን እሰሩ፣ መቀመጫው ላይም እንደዛው፣ ለየብቻ በሁለት ዙር አውጡት። 15 ኪሎ በጥሩ እጀታ ሲያዝና 15 ኪሎ የሚያንሸራትት ላሜራ ታቅፎ ሲወሰድ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጎማ የሚያስቡም አሉ፣ ለሲሚንቶ ግቢ ጥሩ ነው፣ ኮብልስቶን ላይ ግን ንዝረቱ የመስታወቱን ማስተካከያ ሁሉ ይፈታዋል፣ ስለዚህ አልመክርም።

አንዳንዱ ደሞ መቀመጫውን ጥሎ ቱቦውን ባለ ሦስት እግር ኢኳቶሪያል ማውንት (የሰማዩን ዙረት ተከትሎ የሚዞር መሸከሚያ) ላይ ላድርገው ይላል። ለ10 ኢንች ቱቦ ይሄ ማቅለል አይደለም፣ እንዲህ ያለ ቱቦ ሳይንቀጠቀጥ የሚሸከም ማውንት ከነማመዛዘኛ ብረቱ ከመቀመጫው የበለጠ ነው የሚከብደው። በዛ ላይ ኢኳቶሪያል በሰሜን ኮከብ ነው የሚስተካከለው፣ የሰሜን ኮከብ ደሞ እኛ ጋ ከአድማስ 11 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፣ ወሎ ውስጥ ደሞ 11 ዲግሪ ከፍታ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ከተራራ ጀርባ ነው። ዶብሶኒያን ስሙን ያገኘበት ጆን ዶብሰን በ1960ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ እንጨት ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠው ቴሌስኮፕ ይሄን ሁሉ አይጠይቅም፣ መሬት ላይ ታኖረዋለህ በቃ። ያንን ጥቅም መጣል አያስፈልግም።

መቀመጫውን ብቻ መቀየር

እኔ ለብዙ ሰው መጀመሪያ የምመክረው ይሄንን ነው። የ12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ 1 ካሬ ሜትሩ 7 ኪሎ አካባቢ ነው። ያው መቀመጫ፣ ያው ልክ፣ ከቺፕውድ ወደ ኮምፔንሳቶ ሲቀየር ብቻ 5 ኪሎ ይወርዳል፣ ጎንና ጎኑን በክብ ወይ በሦስት ማዕዘን ቀዳዳ ስትከፍቱት ሌላ 1 ኪሎ ወይ 1 ኪሎ ተኩል ይቀንሳል። ቴሌስኮፑን አልነካችሁም፣ መስታወቱ አልተንቀሳቀሰም፣ ሥራው ካልተሳካም የድሮው መቀመጫ ቤት አለ። ከወጪው አንጻር በየኪሎው የሚያተርፈው መንገድ ይሄ ነው፣ አንድ ጎበዝ እንጨት ሠሪ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የድሮውን እንደ ናሙና ካየ ይሠራዋል።

ግን ሦስት ነገር ላይ አትቀልዱ። አንደኛው ኮምፔንሳቶው ራሱ ነው፣ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ እኩል አይደለም፣ ጠርዙን እዩት፣ ንብርብሩ መሃል ባዶ ክፍተት ካለ ብሎን አይይዝም፣ ለጥ ያለ መሬት ላይ አስተኝታችሁም ጥግ ጥጉን ተጫኑት፣ ከተወዛወዘ ጠማማ ነውና ሌላ ይውጣላችሁ። ሁለተኛው ቫርኒሹ ነው፣ ጥቅምትና ህዳር ላይ ቦሩ ሜዳ ጤዛ አለ፣ ከፍ ያለው አገር ላይ ውርጭም ይጥላል፣ ያልተቀባ ጠርዝ ውሃ ይጠጣና ያብጣል፣ ስለዚህ በተለይ ጠርዙን ደጋግማችሁ ቀቡት። ሦስተኛው ማዕዘኑ ነው፣ ቀጭን እንጨት ስትጠቀሙ ጥንካሬው የሚመጣው ከመጋጠሚያው ነው፣ በኮላና በቪቴ አንድ ላይ አጣብቁት፣ የፊቱን ሰሌዳ አትተዉት፣ ጎንና ጎኖቹ እንዳይወዛወዙ የሚይዛቸው እሱ ነው።

ዋንዛ እንጠቀም የሚል ሰው ይኖራል፣ ቀላልና ጸባይ ያለው እንጨት ነው፣ ለእጀታና ለማጠናከሪያ ጥሩ፣ ለሰፊ ሰሌዳ ግን ኮምፔንሳቶ ይሻላል ምክንያቱም ንብርብሩ ስለተጠላለፈ በእርጥበት ወዲያና ወዲህ አይልም። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትገቡ፣ ሲደርቅ ይጣመማል።

መሽከርከሪያው ላይ የድሮውን ሮለር ትታችሁ ሦስት ትናንሽ ቴፍሎን በፎርማይካ ላይ እንዲንሸራተት ብታደርጉ እንቅስቃሴው እንደ ቅቤ ይሆናል። የቴፍሎኑ ልክ በክብደት ነው የሚወሰነው፣ በ1 ካሬ ሳንቲ ሜትር 1 ኪሎ አካባቢ ቢያርፍበት ጥሩ ነው፣ ስለዚህ መሳሪያው 20 ኪሎ ከሆነ ሦስቱ እያንዳንዳቸው 2.5 በ2.5 ሳንቲ ሜትር ይበቃቸዋል። ቴፍሎን ካልተገኘ የማዕድ ቤት ነጭ ፕላስቲክ መክተፊያ ቆርጦ መጠቀም ይቻላል፣ ትንሽ ያዝ ያደርጋል እንጂ ይሠራል።

ይሄ መንገድ የማይፈታው ርዝመቱን ነው። ቱቦው አሁንም 1.2 ሜትር ነው፣ 12 ኢንች ኤፍ 5 ከሆነ ደሞ 1.5 ሜትር። የራሱ መኪና ላለው ወይ ኋላው ክፍት የሆነ ፒካፕ ለሚያገኝ ሰው ችግር የለውም። በሕዝብ ትራንስፖርት ለሚሄድ ሰው ግን ቱቦው ጣራ ላይ ነው የሚሄደው፣ ጣራ ላይ ደሞ በኔ እምነት መስታወት አይሄድም።

የራሱን ቱቦ ቆርጦ በዘንግ ማገናኘት

እዚህ ጋ ነው ጀማው የሚከራከረው። አሠራሩ እንዲህ ነው፣ ከላይ ፎከሰሩና ብርሃኑን ወደሱ የሚያዞረው ትንሹ መስታወት ያሉበትን 30 ሳንቲ ታስቀራላችሁ፣ ከታች ዋናው መስታወት ያለበትን 40 ሳንቲ ታስቀራላችሁ፣ መሃሉን 50 ሳንቲ ትጥሉና በ8 የአሉሚኒየም ዘንግ ታገናኙታላችሁ። ክብደቱን እናስላ፣ የተጣለው ላሜራ 3 ኪሎ አይሞላም፣ የገባው ዘንግ ከነመያዣው 2 ኪሎ አካባቢ ነው። ትርፉ 1 ኪሎ! ክብደት ለመቀነስ ብሎ ይሄን የሚያደርግ ሰው ከሥሯል።

ርዝመቱን ግን እዩት። 1.2 ሜትር የነበረው ነገር ከ60 ሳንቲ የማይበልጥ ሦስት ዕቃ ሆነ፣ የላይኛው ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ የታችኛው ባጃጅ ወንበር ላይ ከጎናችሁ ይቀመጣል ወይ ሚኒባስ ውስጥ እግራችሁ መሃል፣ ዘንጎቹ በገመድ ታስረው ከወንበር ሥር። ለዚህ ጥያቄ ይሄ ጥሩ መልስ ነው። ሌላው ጥቅሙ ፋብሪካው የገጠመው የትንሹ መስታወት መያዣና ፎከሰር ሳይነካ ቦታው ላይ መቅረቱ ነው፣ እነዚህን ከዜሮ መሥራት ከሁሉ የሚያስቸግረው ሥራ ስለሆነ።

ጉዳቱ መመለሻ የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህ ስትቆርጡ መጀመሪያ ሁለቱንም መስታወት አውጡ፣ የብረት ብናኝ የመስታወት ቅብ ላይ ካረፈ ሲጠረግ ይጭረዋል። ቀጥሎ ከላይ እስከ ታች ቱቦው ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በማርከር አስምሩ፣ በኋላ ሁለቱ ክፍሎች በዛው አቅጣጫ እንዲገጥሙ። የሚቆረጥበትን ደሞ ሰፊ ወረቀት ቱቦው ላይ ጠቅልላችሁ ጫፍና ጫፉ ሲገናኝ የወረቀቱን ጠርዝ ተከተሉ፣ ያኔ ቁርጡ ቀጥ ይላል። ቀጭን ላሜራ ሲቆረጥ ክብነቱን ይለቃል፣ እንቁላል ይመስላል፣ ስለዚህ በየቁርጡ ጠርዝ ላይ የኮምፔንሳቶ ቀለበት ከውስጥ ወይ ከውጭ በብሎን ይታሰር፣ ዘንጎቹም የሚያርፉት ላሜራው ላይ ሳይሆን ቀለበቱ ላይ ይሁን።

ቱቦውን ለሁለት ብቻ ቆርጦ በቀለበት መልሶ መግጠም የሚባልም አለ፣ ያለ ዘንግ። ይሄ ክብደት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፣ ግን ዘንግ የሚፈራ ሰው ካለና መኪናው ኋላ ልክ 70 ሳንቲ ካለው ሊሆን ይችላል። ብዙ አልልበትም።

ሙሉ በሙሉ አዲስ አካል፣ ባለ ዘንግ

ቱቦው ሙሉ ይቀራል፣ ከታች የኮምፔንሳቶ የመስታወት ሳጥን፣ ከላይ ቀለል ያለ ቀለበት፣ መሃሉ ዘንግ። ዘንጎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፣ ሐሳቡ በ1930ዎቹ ኢንጂነሩ ማርክ ሰሩሪየር አሜሪካ ላለው ለፓሎማሩ 200 ኢንች ቴሌስኮፕ ካወጣው ንድፍ የመጣ ነው። ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለ ዘንግ ወይ ይሳባል ወይ ይገፋል እንጂ አይታጠፍም፣ ለዛ ነው 25 ሚሊ ስፋትና 1.2 ሚሊ ውፍረት ያለው ቀጭን አሉሚኒየም ያን ሁሉ የሚሸከመው። ይሄ የሚሠራው ግን ሁለቱ ዘንጎች ጫፍ ላይ አንድ ነጥብ ላይ ሲገናኙ ብቻ ነው። ለመገጣጠም ይመቸኛል ብሎ ጫፋቸውን 10 ሳንቲ አራርቆ የሚያስር ሰው ሦስት ማዕዘኑን አጠፋው፣ ያ ቴሌስኮፕ ወደ አድማስ ሲያጎነብስ ቀለበቱ ይወርዳል።

ክብደቱስ? 90 ሳንቲ ርዝመት ያላቸው 8 ዘንጎች በጠቅላላ 1.8 ኪሎ አይሞሉም። የመስታወት ሳጥኑ 3 ኪሎ፣ የላይኛው ቀለበት 1 ወይ 1 ኪሎ ተኩል፣ መያዣና ብሎኑ ግማሽ ኪሎ። ድምሩ 6 ኪሎ ተኩል፣ የጣላችሁት ቱቦ ደሞ 7 ኪሎ ነበር። አሁንም ቱቦውን በመጣል ብቻ ያተረፋችሁት ግማሽ ኪሎ ነው! ትልቁ ትርፍ በተዘዋዋሪ ነው የሚመጣው፣ የላዩ ቀለል ሲል የክብደቱ መሃል ወደ መስታወቱ ይወርዳል፣ መሽከርከሪያው ነጥብ ዝቅ ይላል፣ መቀመጫው አጭር ይሆናል፣ አጭር መቀመጫ ደሞ በኮምፔንሳቶ ሲሠራ 4 ወይ 5 ኪሎ ብቻ ይሆናል። 28 ኪሎ የነበረው ወደ 17 እና 18 የሚወርደው ሁለቱም አብረው ሲሠሩ ነው። ዘንጉን ሠርቶ የድሮ መቀመጫ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዶ ቆሟል።

ዘንጉን ከየት? አሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች ጋ ጠይቁ፣ ትርፍራፊ ቁራጭም አይጠፋም። ክብ ካልተገኘ 20 በ20 አራት ማዕዘን ፕሮፋይል እንደውም ለመብሳትና ለማሰር ይመቻል። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፣ የመጋረጃ ዘንግ አሉሚኒየም መስሎ ብዙው ስስ ብረት ነው፣ ማግኔት ከያዘ ተዉት። ወፍራም ቱቦላሬ አስበይዳለሁ የሚልም አለ፣ ጠንካራ መሆኑን አልክድም፣ ግን ብረት ከአሉሚኒየም ወደ ሦስት እጥፍ ይከብዳልና ከላይ የገባ ክብደት ምን እንደሚያመጣ ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

በጣም ስስ የሆኑት፣ በሦስት ዘንግና በተወጠረ ገመድ የሚቆሙት፣ አንድ ነጠላ ቀለበት ብቻ ከላይ ያላቸው፣ ከሁሉም የሚያምሩት እነሱ ናቸው። አንድ ጀርባ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ በእግር አምባሰል ላይ የሚወጣ ቴሌስኮፕ የሚፈልግ ሰው ካለ መንገዱ እሱ ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ግራም የተሰላ ስለሆነ ትንሽ የከበደ አይፒስ ስትቀይሩ ሚዛኑ ይለቃል፣ ነፋስ ሲነካው ይርገበገባል፣ ለመጀመሪያ ሥራ አይሆንም። አንድ ባለ 8 ዘንግ ሠርቶ የጨረሰ ሰው ይሞክረው።

ሚዛንና ነፋስ

ከላይ ያለ ክብደት በታች ይከፈላል። ከመሽከርከሪያው እስከ ላይኛው ቀለበት 85 ሳንቲ፣ እስከ መስታወቱ 30 ሳንቲ ነው እንበል። ላይ ግማሽ ኪሎ ፋይንደር ብትጨምሩ ታች 1.4 ኪሎ ማመዛዘኛ ትጨምራላችሁ። በተቃራኒውም እንደዛው ነው፣ ከላይ ግማሽ ኪሎ የቀነሰ ሰው ወደ 2 ኪሎ ቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ማቅለል ሁልጊዜ ከላይ ይጀመር፣ ከባዱን ፋይንደር በትንሽ ቀይ ነጥብ ፋይንደር መቀየር ብቻ ብዙ ይረዳል።

ማመዛዘኛ ካስፈለገ ደሞ ከቤት ብረት አትሸከሙ። ጠንካራ የጨርቅ ከረጢት ከመስታወት ሳጥኑ ጀርባ በሁለት ማሰሪያ እንዲታሰር አድርጉና ሜዳው ላይ ስትደርሱ ድንጋይ ሙሉት፣ ድንጋይ ወሎ ውስጥ የትም አለ።

ነፋሱን ግን አክብሩት። ደላንታ ሜዳ ላይ፣ ኩታበር አፋፍ ላይ ሌሊት የሚነሳው ነፋስ ቀላል ቴሌስኮፕን እንደ ከባዱ አይተወውም። ባለ ዘንግ ከሆነ ዘንጎቹን የሚያለብስ ጥቁር ጨርቅ ያስፈልገዋል፣ ያለሱ የሩቅ መብራትና የራሳችሁ ትንፋሽ ብርሃኑ መንገድ ላይ ይገባል፣ ጨርቁ ደሞ ነፋስ ይይዛል። ጨርቁ የሚለጠጥና ዘንጉ ላይ ጥብቅ የሚል ይሁን፣ የመቀመጫው ሦስት እግሮች ደሞ ወደ ጠርዙ ወጣ ብለው ይተከሉ። ሰፊ እግር ክብደት አይጨምርም፣ መረጋጋት ግን ይጨምራል።

ባለ ዘንግ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል። የደጋ ሌሊት ፀሐይ እንደገባች ነው የሚቀዘቅዘው፣ መስታወቱ ሙቀቱን እስኪለቅ ምስሉ ይፈላል፣ ክፍት አካል አየር ስለሚያገኘው የተዘጋ ቱቦ ውስጥ ካለው ቀድሞ ይረጋጋል። ከኮምፒውተር የወጣ 12 ቮልት ማራገቢያ ከመስታወቱ ጀርባ ከታሰረ ደሞ የበለጠ። በዛው ልክ አደጋም አለው፣ ቀን ላይ ደርሳችሁ ከገጠማችሁት መስታወቱን ሳትሸፍኑ አትሂዱ፣ ፀሐይ ገብታበት የሰበሰበችው ብርሃን ጨርቅም እንጨትም ያቃጥላል፣ ዓይን የገባ እንደሆነማ አትጠይቁ።

ታዲያ ለማን የትኛው?

መኪና ያለው፣ ወገቡን የሚያመው፣ ከደሴ ቦሩ ሜዳ የሚመላለስ ሰው መቀመጫውን ይቀይርና ይቀመጥ፣ ቱቦውን አይንካው። በትራንስፖርት የሚሄድ፣ ገንዘቡ አነስ ያለ፣ ትዕግስት ያለው ሰው ቱቦውን ቆርጦ በዘንግ ያገናኝ፣ መቀመጫውን ደሞ በሌላ ጊዜ ይቀይር፣ ሁለቱን በአንዴ መሥራት ግዴታ የለውም። 12 ኢንችና ከዛ በላይ ላለው ሰው ግን ሙሉ አዲስ አካል ነው የምለው፣ ምክንያቱም እዛ ልክ ላይ ክብደቱም ርዝመቱም አብረው ችግር ናቸው፣ ግማሽ መፍትሔ ቤት ያስቀረዋል። ትምህርት ቤት ያለ ክበብ ከሆነ ደሞ፣ ብዙ ልጅ የሚነካው ከሆነ፣ የተዘጋውን ቱቦ እመርጣለሁ፣ ባለ ዘንግ ሁልጊዜ ሲገጠም መስተካከል ይፈልጋል፣ ያንን የሚያውቅ ሰው የሌለ ቀን መሳሪያው ይቆማል።

"ሽጬው 8 ኢንች ልግዛ" የሚል ሰውም አይፈረድበትም። 10 ኢንች ከ8 ኢንች 1.56 እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል፣ ይሄ ትንሽ አይደለም፣ ኦሜጋ ሴንታውሪ ላይ ኮከቦቹ ይበልጥ ተበትነው ይታያሉ። ግን ቤት የተቀመጠ 10 ኢንች ዜሮ ብርሃን ነው የሚሰበስበው። መሥሪያ ጊዜ ለሌለው ሰው ትንሹ ትክክለኛ ምርጫ ነው።

ኮሊሜሽኑን (ሁለቱን መስታወቶች አቅጣጫቸውን ማስተካከሉን) በተመለከተ አብሽሩ፣ የሚወራውን ያህል አያስፈራም፣ በሌዘር ከለመዳችሁት ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ኤፍ 4 ላላችሁ ግን ከኤፍ 5 ጋር ሲነጻጸር የሚፈቀደው ስህተት ግማሽ ያህል ነው፣ ስለዚህ ዘንጉ ላይ ጠንከር በሉ። መፈተኛው ቀላል ነው፣ ሌዘሩን ፎከሰሩ ላይ አድርጋችሁ ቴሌስኮፑን ከአናት ወደ አድማስ ቀስ ብላችሁ አውርዱት፣ ነጥቡ ከመስታወቱ መሃል ምልክት ካልወጣ ሥራው ጥሩ ነው። የፒስታ መንገድ ብሎን ይፈታል፣ ስለዚህ ናይለን ያለው ዳዶ ተጠቀሙ፣ ከሌለ ሁለት ዳዶ አጣብቁ። መስታወቱ ግን የትም ሲሄድ በስፖንጅ የተሞላ የራሱ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ጭናችሁ ላይ ይሂድ።

ዘንጉን የምትቆርጡበት ቀን ደሞ አትቸኩሉ። ከዋናው መስታወት እስከ ትንሹ፣ ከትንሹ እስከ አይፒሱ ያለው ድምር ከትኩረት ርዝመቱ ጋር እኩል መሆን አለበት፣ የተጻፈው ቁጥር 1250 ቢልም የናንተው መስታወት በጥቂት ሚሊ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ 3 ሳንቲ አስረዝማችሁ ቁረጡና ጨረቃ ላይ ፈትኑት፣ ከማዶ ያለ አንቴና ላይ አይሆንም፣ ቅርብ ያለ ነገር ትኩረቱ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ያታልላችኋል። ዘንጉ ከረዘመ ፎከሰሩ እስከ መጨረሻ ገብቶም ምስሉ አይጠራም፣ ያኔ በሰጌቶ ጥቂት ጥቂት እየቀነሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። ካጠረ ግን አይፒሱን ወደ ውጭ በመሳብ ምስሉ ሊጠራ ይችላል፣ ሆኖም ትንሹ መስታወት ጋ የሚደርሰው የብርሃን ሾጣጣ ስለሚሰፋ ከዳር ያለው ብርሃን ይባክናል፣ ከከፈላችሁበት 10 ኢንች ላይ ተቀንሶ ማለት ነው። ሲቆረጥም ስምንቱን በስኮች አንድ ላይ አስራችሁ ሞርሳ ላይ በአንድ ምልክት ይቆረጡ፣ ለየብቻ የተቆረጡ ዘንጎች በ1 ሚሊም ቢሆን መለያየታቸው ስለማይቀር ቀለበቱ ዘንበል ይላል።